ለእናትሽም ቢሆን

ነርሲንግ ስማር የሙያ ሥነ ምግባር የሚያስተምሩን መምህር አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩን ነበር። የታማሚ ምስጢር የታማሚው ነው፤ ያለ ፈቃዱ ለማንም አይነገርም፤ የተናገረ በሕግ ይጠየቃል። ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ በሌላ ሰው ላይ አደጋ የሚያመጣ ሲሆን እያሉ ከዚህ ውጪ የሚሆኑትንም አስጽፈውናል። ፖሊስ ቢጠይቃችሁ እንዲህ በሉ፣ ጋዜጠኛ ቢጠይቃችሁ እንዲያ በሉ ብለውናል። ደብረ ታቦር ውስጥ የነርስ እናት ብትጠይቅ ምን እንደሚባል ግን አላስተማሩንም። ምናልባት የሳቸው እናት ሩቅ አገር ይኖሩ ይሆናል።

የኔ እናት ቅርብ ናት። ከሷና ከአባቴ ጋር የምኖረው ከከተማው ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሆስፒታል የሚመጣ የገጠር ሰው ብዙው በደጃችን ያልፋል፤ እናቴም ደጅ ላይ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅማለች። ስንዴው አንድ ቁና አይሞላም፤ ለቀማው ግን ከጧት እስከ ማታ ይዘልቃል። ማን በቃሬዛ ሄዶ ማን በእግሩ እንደተመለሰ ከካርድ ክፍላችን ይልቅ እሷ ታውቃለች። የማታውቀው የበሽታውን ስም ብቻ ነው። እሱን የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ፤ የምበላውም ከሷ ማዕድ ነው። ጠብ እንዴት ይቀራል?

በጥቅምት ወር የክርስትና እናቴ እኔ በምሠራበት ክፍል ተኙ። ከእናቴ ጋር አበልጅ ከመሆናቸው በፊትም ጓደኛሞች ነበሩ፤ አብረው አድገዋል፣ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። በዕድሜያቸው የተጣሉት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም እኔ ስወለድ፣ ማን ትባል በሚለው ላይ። ማን እንዳሸነፈ ስሜን ካልጠራሁ አይታወቅም፤ ስለዚህ ይቅር።

በሽታቸው ምን ነበር ብሎ አንባቢ መጠየቁ አይቀርም። አልናገርም። አንባቢ ከእናቴ አይበልጥብኝም። ይህን የምጽፈው በባለቤቶቹ ፈቃድ ነው፤ የሰውም የበሽታም ስም እንዳላነሳ አስጠንቅቀውኛል። የተፈቀደልኝ ይህን ያህል ነው፤ የሚገድል አይደለም፣ በቀዶ ሕክምና ይድናል፣ የያዛት ሴት ግን አፍራ ዓመት ከዓመት ትሸሽገዋለች። የክርስትና እናቴም ሸሽገውት ኖረዋል። ለቤተሰባቸው "ጣራ ገዳም ሱባኤ ልገባ ነው" ብለው፣ በሶና ቆሎ አስቋጥረው ነው ሆስፒታል የገቡት። ስንቃቸውን አልጋው ሥር አስቀመጡና እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ይኸን ነገር ሰው ከሰማው ካልጋው ወርጄ እሄዳለሁ። እስከዛሬ ችዬው ኖሬአለሁ፣ ይዤው እቀበራለሁ።"

"ማንም አይሰማም።"

"ለእናትሽም ቢሆን።"

"ለእምዬም ቢሆን። ሕጉ ይከለክለኛል።"

"ሕግ እናትሽን አያውቃትም፣" አሉና በታቦት አስማሉኝ።

አቅማቸው እስኪጠነክር፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጥቂት ቀን መቆየት ነበረባቸው። በዚያች ጥቂት ቀን ወሬው ካልወጣ ይድናሉ። ከወጣ ይሄዳሉ፤ ከሄዱ ደግሞ ተመልሰው እንደማይመጡ አውቃለሁ።

ወሬው በቅዳሜ ገበያ መጣ። ቅቤ ልትሸጥ የወጣች አንዲት ሴት የክርስትና እናቴን በሆስፒታሉ ግቢ ፀሐይ ሲሞቁ አይታ ለእናቴ ነገረቻት። ማታ ቤት ስገባ ወጡ ከወትሮው ወፍሮ ጠበቀኝ። ወጥ ሲወፍር ጥያቄ እንዳለ ዱሮም አውቃለሁ።

"አበልጄ እናንተ ዘንድ ናት አሉ።"

"ስለ ታማሚ መናገር አልችልም፣ እምዬ።"

"ታማለች አልኩሽ? አለች ወይስ የለችም ነው ያልኩሽ።"

"እሱንም መናገር አልችልም። በሕግ ክልክል ነው። ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር..."

ይህችን ባልጨመርኩ ይሻለኝ ነበር። "እኔ ከፍርድ ቤት አንሳለሁ?" አለች። "ዘጠኝ ወር የተሸከመሽ ፍርድ ቤት ነው?"

አባቴ አቀርቅሮ ይበላል። እናቴ ቀጠለች። ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አስራ ሁለቱን አንድ ነብር ፈጃት ብላ ተረተችብኝ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ብላ ደገመችኝ። የተረት ስንቋ ሲያልቅ፣ ሳህኑን እያነሳች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ሌላውን ተይው። የሚድን ነው ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።"

"እሱንም አልችልም፣" አልኳት እየሳቅኩ። በበር እንቢ ስትባል በመስኮት እንደምትገባ ስለማውቅ፣ ይህም ያው መስኮቷ መሰለኝ።

በማግስቱ ወደ ሥራ ስወጣ አንድ ፔርሙዝ አጥሚት አስያዘችኝ። "ለተራበ ሰው ስጪ፣" አለች ፊቷን አዙራ። ዘዴው ገባኝ። አበልጇ ሳይጨርሱት የማይተዉት ነገር ቢኖር የሷን አጥሚት ነው፤ ባዶውን ከተመለሰ አሉ፣ ተርፎ ከመጣ የሉም ማለት ነው። እሳቸውም አንዴ ቢቀምሱት የማን እጅ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ነገርሻት ብለው ካልጋው ሊወርዱ ነው። ስለዚህ ራሴ እየጠጣሁ፣ አንድ ቀን ጨርሼ አንድ ቀን አስተርፌ መለስኩላት። ሥነ ምግባሬን ስጠብቅ ቀሚሴ ጠበበኝ።

አጥሚቱ አልሠራ ሲላት የነፍስ አባታችንን ምሳ ጠራች። እጃቸውን እያስታጠበች ነገሩን አመጣችው።

"አባታችን፣ ከነፍስ አባት የሚደበቅ ነገር አለ?"

"የራስሽ ኃጢአት አይደበቅም። የሰው በሽታ ግን ምን አገባኝ?" አሉ። "እኔስ የነገርሽኝን ሁሉ ላበልጅሽ ልንገራት?"

እናቴ ማስታጠቢያውን ይዛ ወጣች። ጠበቃ በማግኘቴ ኮርቼ ሁለተኛ እንጀራ ጨመርኩ።

ዝምታዬ ምን እያበሰለ እንደሆነ አላወቅኩም። በኛ አገር ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመድ ወዲያው አይነገርም። ወዳጅ እስኪሰበሰብ ዝም ተብሎ ይቆይና በማለዳ ሄደው ያረዱታል። እስከዚያ ድረስ ሞቱን የሚያውቅ ሰው አፉ ይተሳሰራል፣ ዓይኑን ይሰብራል፣ ሲጠይቁት ወሬ ይለውጣል። ባጭሩ ሥነ ምግባር የተማረ ነርስ ይመስላል። እናቴ ፊቴን ስታጠና ሰነበተችና በመጨረሻ ደረሰችበት፤ አበልጇ ሞተዋል፣ ልጇም መርዶ በሆዷ ይዛ ትዞራለች።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም ባለቀ ማግስት፣ በማለዳ፣ ጥበቃው እየሮጠ መጣ። "ሲስተር፣ በሩ ላይ ለቅሶ ቆሟል። መሪዋ እናትሽ ናቸው።"

ብወጣ የማኅበሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ሞልተውታል። እናቴ ከፊት ሆና ደረቷን ትመታለች፤ "አበልጄ፣ ሳትነግሪኝ፣ ሳልጠይቅሽ" ትላለች። መሃላቸው ቆሜ ቀረሁ። አልሞቱም እንዳልል እዚህ አሉ ማለቴ ነው፤ ዝም እንዳልል ያስለቀሳት ዝምታዬ ነው። መምህራችን ይህንንም አላስጻፉንም።

ይኼኔ ከጀርባዬ መስኮት ተከፈተ። የክርስትና እናቴ፣ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ሻሻቸው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ብቅ አሉ።

"የማን ለቅሶ ነው?"

ከሴቶቹ አንዷ አማተበች።

"ያንቺ፣" አለች እናቴ።

"እንግዲያስ ቀስ በሉ። ታማሚ አለ።"

ጥበቃው ጭምር ሳቀ። የመጠየቂያ ሰዓት ሲደርስ ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። ምስጢሩ በእኔ ሳይሆን በራሳቸው አንገት ስለወጣ የክርስትና እናቴ ማንንም አልተቀየሙም።

"ጣራ ገዳም እንዴት ነው?" አለች እናቴ ዓይኗን እየጠረገች።

"መነኮሳቱ ነጭ ይለብሳሉ። ደግሞ መርፌ ይወጋሉ።"

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ይችን ጠይቋት፣" ብለው በአገጫቸው ወደኔ ጠቆሙ።

"ስለ ታማሚ..." ብዬ ስጀምር የማኅበሩ ሴቶች "መናገር አልችልም" ብለው በአንድ ድምፅ ጨረሱልኝ። የክርስትና እናቴ ስፌቱን በእጃቸው ደግፈው "አታስቁኝ" እያሉ ለመኑ። እናቴ ግን አልሳቀችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አበልጇን ታያቸው ነበር።

ድነው ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ የክርስትና እናቴ አንድ ቀን እኛ ቤት መጡ። ጨው ግዢ ተብዬ ተላክሁ። ማሰሮው ሙሉ ጨው ነበር፤ ቢሆንም ሄድኩ፣ ዞሬ ዞሬም መጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ተመላላሽ ታካሚዎች ዘንድ ተመድቤ ስሠራ አንድ ጧት ቀጣዩን ካርድ አንስቼ ስሙን ልጠራ ስል የእናቴ ስም ሆኖ አገኘሁት። መጥራትም አላስፈለገኝም። እናቴ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ለብሳ ገባች።

"እምዬ፣ ምን ሆነሽ?"

"እናትሽ ቤት ናት። እኔ ታማሚ ነኝ፣" አለችና ተቀመጠች። "ሲስተር፣ እዚህ የተነገረ ነገር ከዚህ አይወጣም ይላሉ። እውነት ነው?"

በሕይወቷ አንቱ ብላኝ አታውቅም፤ አሁን ግን ልትለኝ ዳር ዳር ስትል አየኋት። እኔ ቀደምኳት። "ማን ነገረዎት?"

"አበልጄ። ልጄን አውቃታለሁ ስላት፣ አታውቂያትም አለችኝ።" ነጠላዋን ሳበች። "ለባልም አይነግሩም?"

"ለባልዎም።"

"ለልጄም?"

"ለልጅዎም፣" አልኩ ሳላስበው፤ ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

"የአበልጄ ነገር እኔም አለብኝ።"

ልጇ ብቻ ብሆን ኖሮ እዚያው አለቅስ ነበር። ሥራዬ ግን የሚቀጥለውን ጥያቄ አስይዞኛል። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ካንቺ ጀምሮ።"

ሳህኑን እያነሳች ስትጠይቀኝ የሳቅኩባት ማታ ትዝ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደጅ ላይ የሚያስቀምጣት ወሬ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ብዙ መሄድ፣ ከባድ ማንሳት አትችልም ኖሯል። ስለ አበልጇ ስትጠይቀኝም የጠየቀችው ስለ ራሷ ነበር። ዛሬ ያ ማታ ቢመለስ ያንኑ መልስ እመልስላታለሁ፤ ሌላ መልስ የለኝም።

"የሚድን ነው ወይ ስልሽ፣ በሕግ ክልክል ነው አልሺኝ፣" አለች። "አሁንስ ይከለክላል?"

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት።

"አይከለክልም፣ እምዬ። ይድናል።"