የሥራ አስኪያጁ ፎቶ ስንት ሜጋባይት ነው?

አዳማ ውስጥ በአንድ የጭነት ማኅበር የሰርቨር ባለሙያ ሆኜ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ሰርቨሩን የሚመለከት አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ በክራቫት የተነሱትን ፎቶ በፍላሽ ይዘው መጡና «ከፋሲካ መልካም ምኞት ጋር ድረ ገጹ ላይ ይውጣ። ጥራቱ ግን እንዳይቀንስ» አሉኝ። አወጣሁት።

ድረ ገጹ የተሠራው ለሾፌሮች ነበር። ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚጫን ዕቃ ሲገኝ ተራው የደረሰ ሾፌር በሃያ ደቂቃ ውስጥ በተመዘገበ ስልኩ ገጹን ከፍቶ «አለሁ» የሚለውን መጫን አለበት። ካልተጫነ ወደ ወረፋው መጨረሻ ይመለሳል።

ከፋሲካ በኋላ ኢድ መጣ፤ ከዚያ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ኢሬቻ፣ ገና። በየበዓሉ አዲስ ፎቶ ይጨመራል፣ አሮጌው አይነሳም። የአለቃን ፊት ማን ደፍሮ ያነሳል? እኔም አልደፈርኩም።

ሾፌሮች «ገጹ አልከፍት አለን» እያሉ ሲያማርሩ፣ ሰርቨሩ ጽሑፉን ጨምቆ፣ መጠኑን አሳንሶ እንዲልክ አስተካከልኩ። ከዚያ በራሴ ኮምፒውተር ለካሁት፤ እንደ ነካሁት ተከፈተ። «ገጹ ተጨምቋል» የሚል ሪፖርት ጻፍኩ፤ በስብሰባ ተጨበጨበልኝ። አፈር ልብላ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ አንጋፋ ሾፌር ከአዳማ ወጣ ብላ ካለችው ደራ ደወሉ፤ የራሳቸው ስልክ ገጹን እየከፈተ ስለሆነ በጎረቤት ስልክ።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ? ሦስት ጊዜ ተራዬ አልፏል። ዛሬም ካመለጠኝ ባለመኪናው ቁልፉን ሊቀበለኝ ነው። አሁን ተራዬ ደርሷል፣ ገጹ ግን እንቢ አለኝ።»

«በስልክዎ ምን ይታይዎታል?»

«ፀጉር።»

ደግሜ ጠየቅኩ።

«አሁንማ ግንባር መጣ። ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?»

ሰውዬው አጠገቤ ቆመው ነበር፤ የጥምቀቱን ፎቶ በፍላሽ ይዘው። «ኔትወርኩ ነው» አሉ ኮስተር ብለው።

ኔትወርኩ አልነበረም። ፎቶ እንደ ጽሑፍ አይጨመቅም፤ የኔ ኮምፒውተር ደግሞ ፎቶዎቹን ድሮ አውርዶ ስላስቀመጣቸው ስለካ እንደገና አላመጣቸውም። የለካሁት የራሴን ምቾት ነበር። አፈርኩ። ኮምፒውተሩ ያስቀመጠውን አጽድቼ እንደገና ስለካ ገጹ አሥራ አንድ ሜጋባይት ሆኖ ተገኘ። የሾፌሮቹ ወረፋ ዝርዝር ራሱ በአንዱ ፎቶ ላይ ካለው ክራቫት ያንሳል።

ከኦቦ ቶሎሳ ሃያ ደቂቃ የቀረው አራት ብቻ ነው። ማንንም ሳላስፈቅድ ስድስቱንም ፎቶዎች አነሳሁ።

«ምን እያደረግህ ነው? ማን ፈቀደልህ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ዘግተው እንደገና ይክፈቱት!» አልኩ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ሥራ አስኪያጁ ብቻ ይናገራሉ። ከዚያ ከስልኩ ውስጥ «ተጫንኩት! አለሁ ብያለሁ! ስሜ አረንጓዴ ሆነ!» የሚል ጩኸት መጣ። ጥቂት ቆይተውም ረጋ ብለው «ሰውዬው ግን የት ሄደ?» አሉ።

በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ፎቶዎቹ አልተመለሱም፤ ሥራ አስኪያጁ ገጹን የሚከፍቱት ለበዓል ብቻ ስለሆነ እስከ ጥምቀት ይመለሱ ብለው አልጠየቁም፤ እስከዚያም ቁጣቸው በርዶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሠርቼ የጨረስኩትን ገጽ ሁሉ ደራ መናኸሪያ ወርጄ፣ ከፍቶት በማያውቅ አሮጌ ስልክ እለካዋለሁ። ሪፖርት የምጽፈው ከዚያ በኋላ ነው።