በፕላስቲክ የታሸገ ማዘዣ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ ቀን አመንትቻለሁ። አንድ ሽማግሌ ታመው ሞቱ፤ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። እኔም ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ስለ ልብ የማውቀው ጥቂት ነው። ግን በጥፋቱ ውስጥ የእኔም እጅ ስላለበት፣ እኔ ካልጻፍኩት ማንም አይጽፈውም።

አያቴን የምንጠራቸው «አካኮ» ብለን ነበር፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አሰላ አጠገብ ባለችው ሳጉሬ ገብስና ስንዴ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከአምስት ዓመት በፊት ልባቸው ሲደክም አንድ ሐኪም የልብ ምት የሚያረጋጋ ክኒን አዘዘላቸው፤ ተሻላቸውም። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ማዘዣ በየወሩ ለመድኃኒት ቤቱ እያሳዩ ይገዛሉ፤ ተመልሰው እንዲመረመሩ የነገራቸው የለም። ወረቀቱ በእጥፋቱ መቀደድ ሲጀምር፣ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፣ ደስ እንዲላቸው ብዬ በፕላስቲክ ላሚኔት ላስደርገው አብሬያቸው ሄድኩ።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ሳቀብን። «አባባ፣ ይሄ ዲግሪ ነው እንዴ?»

«ከዲግሪ ይበልጣል» አሉት። «እስቲ ያንተ ዲግሪ ልብ ያስመታል?»

ማዘዣው ከዚያ በኋላ አላረጀም። አካኮ ግን አረጁ።

ዘንድሮ አሰላ ከተማ ካለው ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ ገና የትምህርት ክፍል እንኳ ሳልመርጥ «ዶክተር» ይሉኝ ጀመር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ ከስተው አገኘኋቸው። ምግብ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ሲነሱ ያዞራቸዋል።

«ዶክተር፣ ግድግዳው ሁሉ ቢጫ ሆነብኝ» አሉኝ።

«ገብሱ ደርሶ እኮ ነው አካኮ፣ ዓይንዎ እሱን ለምዶ ነው» ብዬ አሳቅኳቸው።

በሳምንቱ አሰላ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ወጣቱ ሐኪም የደም ግፊታቸውን ለካና ከፍ ብሏል አለ።

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም» አሉ አካኮ።

ማዘዣው በኮታቸው የውስጥ ኪስ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ሽማግሌን በሰው ፊት ማስተባበል ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት፤ ዝም አልኩ። ሐኪሙም የልብ ምታቸውን ሳይቆጥር፣ ደም ሳያስመረምር አዲስ ክኒን ጽፎ ሰጠን።

ውጭ ስንወጣ «ለምን የለም አሉት?» አልኳቸው።

«የአንዱን ሐኪም ወረቀት ለሌላው ማሳየት ‹አላመንኩህም› ማለት ነው። የሰው ልጅ ላሳፍር?»

ሁለቱንም ክኒን እኩል ይውጡ ጀመር። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ውዱእ ሊያደርጉ ሲነሱ ወደቁ።

ሆስፒታል የተቀበሉን ሐኪም ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። የሚወስዱትን ሁሉ አምጡ ብለው ማዘዣውን ደጋግመው አዩት።

«ይህ መጠን የታዘዘው የዛሬ አምስት ዓመት ለነበሩት ሰው ነው» አሉ በቀስታ። «አሁን ኩላሊታቸው ደክሟል፤ መድኃኒቱ መውጣት አቅቶት በሰውነታቸው ተጠራቅሟል። ቢጫ ያሳያቸውም እሱ ነው። አዲሱ ክኒን ደግሞ የዘገየውን ልብ ይባስ አዘገየው። ክሊኒኩ ይህን ያውቅ ነበር?»

«አልነገርነውም» አልኩ። ማልቀስ ጀመርኩ።

«አጥብቆ መጠየቅም፣ ምቱን መቁጠርም የእኛ የሐኪሞች ሥራ ነበር» አሉኝ።

አካኮ ከአልጋው ላይ ሰምተው ኖሮ «እሷን አትቆጧት፤ ዶክተራችን ገና አንደኛ ዓመት ናት» አሉ።

ሁለቱም ክኒኖች ተቋረጡ። ሁለት ቀን ሾርባ ቀመሱና ተስፋ አደረግን። በሦስተኛው ቀን ድምፃቸው ደከመ። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሐኪሟ እንዳሳዩኝ፣ አንጓቸው ላይ ጣቴን አድርጌ ምታቸውን እቆጥር ነበር። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ዝምታ እየረዘመ ሄደ።

ያረፉት ኅዳር ሃያ አንድ ቀን፣ ከአስር ሶላት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው።