አክስቴ ዘውዴ የሮጠች ቀን

ባለፈው እሁድ ላሊበላ ላይ ለጎዳና ሩጫ ተሰልፌ ሳለሁ የማስጀመሪያው ፊሽካ ሲነፋ አክስቴ ዘውዴ ትዝ አለችኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ለአብዮት በዓል ቀበሌው ከየቤቱ ለሩጫ አንድ ሰው ይምጣ ብሎ አዘዘ። የአክስቴ ልጅ ይመር ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለግ ከቤት ከጠፋ ሰንብቷል። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ግን ልጅ ስለነበርኩ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል ነው የተባልኩት።

አክስቴ ቀሚሷን በመቀነት ሸብ አድርጋ ጎረምሶቹ መሀል ቆመች። የቀበሌው ሊቀመንበር ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

«ልጅሽ የታለ?»

«ከየቤቱ አንድ ሰው ነው ያላችሁት። እኔ ሰው አይደለሁም?»

ሕዝቡ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ ፊሽካውን ነፋ።

ቁልቁለቱን ወርዳ አቀበቱን ስትመለስ ሌሎቹ ገብተው ላባቸው ደርቋል። ፊቷ አቧራ ለብሷል፤ ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል። ሊቀመንበሩ «በቃሽ፣ ተይው» ቢላት ዞራ ሳታየው እስከ ማብቂያው ገመድ ሮጠች። ሴቶቹ እልል አሉ።

ውሃ ይዤላት ስደርስ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«እግር ለክፉ ቀን ነው ልጄ። የእኔ ልጅ ደግሞ እግር አለው።»

ስለ ውድድሩ የምታወራ መስሎኝ «ይመር ቢኖርማ ያሸንፍ ነበር» አልኳት።

እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «እሱማ አሸንፏል» አለችኝ።

የዚህ ንግግር ትርጉም የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ባለፈው እሁድ ሩጫ አቀበቱ ላይ ወደ ኋላ የቀረነው ጥቂት ነበርን። አስተናባሪው መኪና ላይ እንድንወጣ ጠራን። ማናችንም አልወጣንም።