ዘይቱን የምትበላው መኪና

ልጅ እያለሁ መኪና ዘይቱን ይበላል ብዬ አምን ነበር። ብትስቁ አልቀየማችሁም፤ ሰሞኑን እኔም ስቄያለሁ። ያሳቀችኝ የራሴው መኪና ናት። መሥሪያ ቤቴ ለቤቴ ቅርብ ነው፣ የነዳጅ ሰልፉም ወኔ ይሰልባል፣ ስለዚህ ከግቢ የምትወጣው ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ከሞተሩ ውስጥ “ታክ ታክ ታክ” የሚል ድምፅ ተሰማ። በጥፍሩ ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ውስጧ የተቀመጠ ይመስላል። ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። እኔ ግን እጄ ቁልፉ ላይ እንዳለ ሠላሳ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ፤ የሞቀ የዘይቱን ፍሬ ሸተተኝ።

ያደግኩት ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ከሸዋ በር ብዙም ሳይርቅ ነው። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር፤ እዚሁ እናቴን አግብቶ ቀረ። ደግ ሰው ነበር፣ ግን ቆጣቢ። አዲስ ሱፍ አሰፍቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ዓይነት። ከተዛወረ ባልደረባው የገዛትን ሰማያዊ መኪናም እንደ ሱፉ ነበር የያዛት። ግቢያችን ውስጥ ካለው የዘይቱን ዛፍ ሥር አቁሞ፣ በአሮጌ አንሶላ ሸፍኖ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራዋን ያራግፍላታል። “መኪና በነዱት ቁጥር ያልቃል” ይላል። እናቴም “እንግዲያው እሷን አስቀምጥና አንሶላውን ንዳው” ትለው ነበር።

እናቴ እንዲህ የምትናደደው ያለ ምክንያት አልነበረም። አያቴ፣ የእሷ አባት፣ ድሬ ጠያራ ገጠሩ ውስጥ ትንሽ ማሳ ነበራቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ከደጃፋቸው አይርቁም። እናቴ ደግሞ አንድ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ነው፤ ተሳፍራ ዋናው መንገድ ላይ ብትወርድ እንኳ ከዚያ ወዲያ ያለውን አቀበት በእግሯ አትወጣውም። ስለዚህ አባቷን የምታየው አባቴ አንሶላውን ሲገልጥ ብቻ ነው። ያም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለፋሲካና ለመስቀል።

ስምንት ዓመቴ ላይ፣ የመስቀል ሰሞን፣ አባቴ አንሶላውን ገልጦ ቁልፉን ሲያዞር ያ ድምፅ መጣ። ታክ ታክ ታክ ታክ! አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው አጠፋትና “በቃ፣ ሞተሩ ተበልቷል” አለ። ስለ ሞተር ብዙ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ግን “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለውን ተረት ከዳዊት እኩል ነበር የሚደግመው። በማግስቱ ደላላ ጠራ። ደላላው መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞሮ አያትና ሰኞ መጥቶ እንደሚወስዳት፣ ለመለዋወጫ እንደምትፈታታ ነገረን። እናቴ ሽንኩርት ልክተፍ ብላ ወጥ ቤት ገባች። ዓይኗ ቀልቶ ስትወጣ መክተፊያው ላይ አንድም ሽንኩርት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ እኔን ወደ ጋሽ ረመዳን ላከችኝ። ጋሽ ረመዳን ጀጎል ተወልደው ያረጁ፣ የሰፈሩን መኪና ሁሉ በድምፁ የሚለዩ መካኒክ ነበሩ። እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። አባቴን “አስነሳት” ብለው ኮፈኖውን ከፈቱ፤ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፁ ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ጠፋ። ዓይናቸውን ገለጡ።

“አቦ መምህር፣ በሕይወቷ ነው እንዴ የምትቀብራት?” አሉ። “ሞተሩ ቢበላ ኖሮ ስትሞቅ ይብስባት ነበር። ይቺ ስትሞቅ ዝም አለች። ወላሂ ምንም አልሆነችም! ዝም ብላ ስለምትቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ላይዋ ይደርቃል። ስትቀሰቅሳት ዘይቱን እስክታገኝ ታንኳኳለች፤ ካገኘች ዝም ትላለች። ዘይቱን ስጣት፣ ሳምንት ሳምንት አውጣት። ሌላ መድኃኒት የላትም።”

እኔ ከኋላቸው ዛፉ ሥር ተቀምጬ አንዷንም ቃል አላሳለፍኩም። ለሐረር ልጅ ዘይቱን ምን እንደሆነ መቼም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ውጭው ቢጫ፣ ውስጡ ሮዝ፣ ሽታው ከጎረቤት ግቢ ድረስ የሚጣራ ፍሬ ነው። ዘይት ደግሞ የማውቀው ወጥ ቤት ያለውን ነው፤ መኪና ወጥ አትሠራ! “ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል” ሲሉ ቀና ብዬ ዛፉን አየሁ። እውነታቸውን ነው፤ በነፋስ ጊዜ እየረገፈ ጣራዋን ሲመታ ይሰማኛል። ታንኳኳለች አሉ፤ የሚያንኳኳ ደግሞ የሚፈልገው ነገር አለው። ይህን ሁሉ ዘመን ራሷ ላይ እየረገፈ አንድ ፍሬ እንኳ ያላቀመስናት እኛ ነን። ከልቤ አዘንኩላት።

አባቴ በቀላሉ የሚያምን ሰው አልነበረም። “እሁድ አስነስቼ አያታለሁ፤ ቶሎ ዝም ካላለች ሰኞ ትሄዳለች” አለ። ዓርብ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ጋሽ ረመዳን መጥተው ጭቃ የመሰለውን አሮጌ ዘይት አፍስሰው አዲስ ሞልተውባት ኖሯል። ይህን ማን ነግሮኝ! ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አባቴ ውሃ ሊጨምርላት ኮፈኖውን ከፍቶ ባልዲ ሊያመጣ ሲሄድ፣ የመረጥኳቸውን ሦስት የበሰሉ ዘይቱኖች ሞተሩ ጎን ሸጎጥኩላት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናዋ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። አባቴ አማተበና ቁልፉን አዞረ። ታክ ታክ ታክ... ታክ። ከዚያ ዝም። እናቴ የያዘችውን ትንፋሽ ስትለቅ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሰማኋት። እኔማ ከደስታዬ ብዛት አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ምስጢሬ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መንገድ ላይ ግን ጣፋጭ ሽታ መኪናዋን ሞላው። አባቴ “ደግሞ ምኗ ፈሰሰ?” ብሎ ዳር ይዞ አቆመ። ወርዶ ኮፈኖውን ከፈተ፤ እናቴም እያነከሰች ተከተለችው። ኮፈኖው ስለጋረዳቸው ምን እንዳዩ አላውቅም። ብዙ ቆዩ። ተመልሰው ሲገቡ አባቴ “ደህና ናት” ብቻ አለ። እናቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰኞ ደላላው ሲመጣ አባቴ በር ላይ ቆሞ “የሚሸጥ መኪና የለኝም” ብሎ መለሰው። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ድሬ ጠያራ መሄድ ሆነ። አባቴም ለጉድ ነው፣ ያንን ሱፉን ከቁም ሳጥን አውጥቶ መልበስ ጀመረ። አያቴ የሞተሩን ድምፅ ገና ከኩርባው ስለሚሰሙት፣ እኛ ስንደርስ ምርኩዛቸውን ይዘው ደጃፍ ቆመው ነበር የምናገኛቸው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይቱኔን እሸጉጣለሁ፤ ፍሬው ባለቀበት ወቅት ቅጠሉን። እሁድ እዚያ ስንደርስ አባቴ “ትተንፍስ” ብሎ ኮፈኖውን ይከፍትላታል፤ እኔም አያቴን ስሜ እየሮጥኩ ተመልሼ ሳይ፣ ዘይቱኖቹ ለብ ብለው በቦታቸው ናቸው። ሥጋውን ሳይሆን ሽታውን ነው የምትበላው ብዬ ደመደምኩ። አያቴ በሁለተኛው ዓመት አረፉ። እናቴ አጠገባቸው ነበረች፤ እጃቸውን ይዛ።

ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ። የጠራሁት ወጣት መካኒክ ካቻቢቴ አላወጣም፤ ኮምፒውተር ሰካ። ስክሪኑን ሲያይ ቆይቶ “እህቴ፣ ምንም የለባትም። ብዙ ትቆማለች አይደል? ዘይቱን ቀይሬልሽ እሄዳለሁ፣ አንቺ ግን ሳምንት ሳምንት አውጫት” አለኝ። “ወዴት ላውጣት?” ብዬ ልመልስለት ስል አፈርኩ። እናቴ እዚሁ ሐረር፣ ያው ቤት ውስጥ፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን፣ በመኪና አሥር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ላይ ናት። እኔ በስልክ ነው የምጠይቃት። “ደህና ነሽ?” “ደህና ነኝ።” በቃ።

በማግስቱ እሁድ ሄድኩ። ድሬ ጠያራ እንሂድ ስላት ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችም፤ ነጠላዋን አነሳች። የግቢው ዛፍ ዛሬም አለ። ሥሩ ቆመን፣ ዕድሜ ልኬን የደበቅኩትን የዘይቱን ታሪክ እየሳቅኩ ነገርኳት። እናቴ አልሳቀችም፤ ትክ ብላ አየችኝ።

“እስከ ዛሬ አታውቂም እንዴ?” አለች። “ከዚያች ከመጀመሪያዋ እሁድ በኋላ እኮ አባትሽ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ያወጣቸው ነበር፤ የሚሽከረከረው ቺንጋ ላይ ወድቀው ሞተሩን ቢያበላሹስ ብሎ። ሱፉ ኪስ ውስጥ ይከታቸዋል። እዚያ ስንደርስ፣ አንቺ አያትሽን ልትስሚ ስትሮጪ፣ አንድ በአንድ መልሶ ሞተሩ ላይ ያስቀምጣቸዋል።”

“ለምን አልነገራችሁኝም?”

“‘ልጄ ያዳነቻትን መኪና እኔ አልሸጥም’ ብሎኝ ነው ደላላውን የመለሰው። ታዲያ ምን ብዬ ልንገርሽ? ያ ሱፍ ኪሱ ዘይቱን እንደሸተተ አለቀ።”

ያኔ መካኒክ በጆሮው ይሰማ ነበር፣ ዛሬ ኮምፒውተር ይሰማለታል፤ መድኃኒቱ ግን ያው የጋሽ ረመዳን ነው። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። በስምንት ዓመቴ የሚያንኳኳ ነገር ሁሉ የሚፈልገው እንዳለ አውቅ ነበር። አባቴ ቢኖር አቅፌው አለቅስ ነበር፤ ስለሌለ እናቴን አቀፍኩ፣ አለቀስኩም።

እናቴ ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከመሬት ሦስት የበሰሉ ዘይቱኖች አነሳችና ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው። ጃኬቱ አዲስ ነው፤ የዚያን ቀን ገና መልበሴ ነበር። አላወጣኋቸውም።