ለብቻ የቀረበ ሳህን

የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ቆቦ ከተመደብኩ ጀምሮ ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ አመጋገባቸውን ማየት፣ ክንዳቸውን መለካት፣ ከከሱም ምክንያቱን መፈለግ ነው። በዚያ ላይ ስለ አረጋውያን አመጋገብ ለሚያጠና አንድ ተመራማሪ መረጃ እሰበስባለሁ። እሱ ሩቅ ከተማ ቢሮ ውስጥ ነው፤ የራያ ፀሐይ የሚያቃጥለው እኔን ነው።

ቆቦ አቅራቢያ ሮቢት ላይ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ጥርሳቸው ያለቀ አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ቤተሰብ ጋር ይኖራሉ። ምራታቸው ጤና ጣቢያ ላይ "ለስለስ ያለ ምግብ ይስጧቸው" ስትባል የሳቸውን ለይታ መሥራት ጀመረች። በወተት የራሰ የማሽላ ፍትፍት፣ እንቁላል፣ አጥሚት፣ በሚያምር ሳህን መደባቸው ድረስ ይቀርብላቸዋል። የቀረው ቤተሰብ እዚያው ቤት ውስጥ ትሪ ከቦ ይበላል። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባቸው፤ ሳረጅ እንዲህ የምትንከባከበኝ ምራት ከየት አገኛለሁ? ተመራማሪውም ደስ አለው፤ ለብቻው የቀረበ ምግብ ለመመዘን ይመቻል።

ሰውዬው ግን እየከሱ ሄዱ።

"ምግብ እንዴት ነው አባቴ?" ስላቸው "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ። በልቻለሁ ማለታቸው ነው ወይስ አልበላሁም? ከምስጋና ጋር ደግሞ ክርክር አይገጠም። ሐኪም መርምሮ በሽታ አላገኘባቸውም። ክንዳቸውን በለካሁ ቁጥር ልኩ ይወርዳል፤ በዚሁ ከቀጠለ እንደማይቆዩ ገብቶኛል። ምራታቸው አንድ ቀን እስከ በሩ ሸኝታኝ "ሰዉ በረሃብ ገደለቻቸው ሊለኝ ነው" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሆን ብዬ ምሳ ሰዓት ላይ ሄድኩ። ሳህኑ ቀረበላቸው። ትሪው ጋ የልጅ ልጆቻቸው ማንንም ሳይጠብቁ መብላት ጀመሩ። ሽማግሌው የታጠበ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ትሪው ያያሉ። አንዴ ቀመስ አደረጉና ሳህኑን ገፉት።

ብስጭት አልኩ። "አባቴ፣ ይሄ ሁሉ ተለፍቶበት ለምን አይበሉም?"

"የኔ ልጅ፣ በኛ አገር ማዕድ የሚለይበት ማን ነው? ወይ የተጣላ ነው፣ ወይ በሽታው የሚያስፈራ። አጥሚቱስ ቢሆን ላራስ ነው፤ እኔ መቼ ወለድኩ? ዱሮ እኔ ቢስሚላህ ሳልል ትሪው ላይ እጅ አያርፍም ነበር። ምን አጥፍቼ እንደለዩኝ መጠየቁ አሳፈረኝ።"

ምራታቸው የያዘችውን ጆግ አስቀምጣ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። "እኔኮ የተሻለው ለርስዎ ይሁን ብዬ ነው አባ" አለች። እሳቸውም ደነገጡ። አንድ ቤት እየኖሩ፣ አንዱ ለሌላው እየተጨነቀ፣ ሳይነጋገሩ ሰው ሊያልቅ ነበር።

እኔ ወሬ አላበዛም። ሳህኑን አንስቼ ትሪው ላይ ገለበጥኩት። "ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም ፍትፍት ትበላላችሁ፤ ጥርስ ያለውን ሰው ፍትፍት አይገድለውም" አልኩ። ሽማግሌውን ደግፈን ትሪው ጋ አስቀመጥናቸው። ልጆቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሽማግሌው ቢስሚላህ አሉ፣ ቀስ ብለው በሉ፤ ትሪውም ጠበቃቸው።

ተመራማሪው ደወለ። "የሳቸው ምግብ ለምን አልተመዘነም?"

"ከአንድ ትሪ የተበላ እንዴት ይመዘናል?"

"እንግዲያው ለብቻ ይቅረብላቸው።"

"አይቀርብላቸውም። ከጥናቱ አውጣቸው" አልኩት። ቅር ብሎት አወጣቸው።

እኔ ግን መሄዴን አልተውኩም። በቀደም ስሄድ ምሳ ሊቀርብ ነው፤ ክንዳቸውን ለካሁ፤ ሞላ ብሏል። ደስ ብሎኝ ልሰናበት ስነሳ "ወዴት ነው?" አሉኝ። "ታጠቢና ቁጭ በይ። አንቺ ሳትቀመጪ ቢስሚላህ አልልም።"

የተራቡት ልጆች ሁሉ እኔን ያያሉ። ሜትሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እጄን ታጠብኩ።