መትረየስ ጣቶቿን እንደ አዲስ ስታስተምር

የወንድሜን ሚስት ሰፈሩ የሚያውቃት «መትረየስ» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ጥይት ተኩሳ አታውቅም፤ የምትተኩሰው ፊደል ነው! ሃያ ስድስት ዓመት በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት አገልግላ ጡረታ ስትወጣ፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ ኮምፒውተር ተክላ የሰው ጽሑፍ መተየብ ጀመረች። ታዲያ ኪቦርዱን አታየውም። እኔን እያየች፣ እዚያው ፊት ለፊቴ እያማችኝ ትጽፋለች። አሥሩ ጣቶቿ እሷን ሳያስፈቅዱ ሥራ የሚገቡ ነው የሚመስለው።

ባለፈው ዓመት ግን የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት አመፀች። መትረየስ የተማረችው ከጽሕፈት መኪና ዘመን የተረፈውን የፊደል አደራደር ነው፤ እሱ ደግሞ ትንሿን ጣት እንደ ተላላኪ ያሯሩጣታል። ሕመሙ ከጣት ወደ አንጓ፣ ከአንጓ ወደ ክርን ወጣ። ሐኪሙ አይቷት «ወይ ሥራውን ተይ፣ ወይ አሠራሩን ቀይሪ» አላት።

ሥራውን መተው አይታሰብም፤ ዳይሬክተሩ አሉ! ዕድሜያቸውን በትምህርት ቤት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። በየሐሙሱ ከዘራቸውን እያንኳኩ ይመጡና መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሕይወት ታሪካቸውን ይናገራሉ፤ እሷ በንግግራቸው ፍጥነት ትጽፋለች። ድምፅ መቅጃ ይሻልዎታል ያላቸው ሰው ነበር። «ከቆርቆሮ ጋር አላወራም» አሉት። ስድስት ምዕራፍ አልቋል። ሰባተኛው ላይ «ሠላሳ ዓመት ያልተነጋገርኳት እህት አለችኝ» ብለው፣ ከዘራቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እንዲህ ተብሎ ይኬዳል? መትረየስ እንቅልፍ አጣች። ያንን ምዕራፍ ሌላ ሰው ቢጽፈውና እሷ ሳትሰማው ብትቀርስ?

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጇ በስልክ መላ አመጣች። «እማዬ፣ ሌላ አደራደር አለ። ብዙ የምትነኪያቸው ፊደሎች ጠንካራዎቹ ጣቶችሽ ሥር ይሆናሉ። ሥዕሉን ልኬልሻለሁ፤ ቅዳሜ መጥቼ አስተካክልልሻለሁ።»

ቅዳሜን ማን ይጠብቃል? ወንድሜ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ሥዕሉን አየና «ይቺ ናት እንዴ?» አለ። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈነቀለ፣ በአልኮል አጠበ፣ ሥዕሉን እያየ በአዲሱ ቦታቸው ተከለ። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ እንደ ሙሽራ አስቀመጣት። እሷም የ«ሰ»ን ቁልፍ ተጫነች።

«ሰውዬ፣ "ሰ" ብለው "ገ" ይለኛል!»

«በደንብ አልተጫንሽውም።»

«ሃያ ስድስት ዓመት የተጫንኩ ሴት ነኝ!»

እሱ ምን ያድርግ፤ በሰዓት ሥራ ባለ ጥርሷን ጎማ ካዛወርካት ሥራዋም አብሯት ይዛወራል። ልጅቱ ቅዳሜ መጥታ ስታይ ሳቋ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። «አባዬ፣ ቁልፉ ላይ ያለው እኮ የበር ታርጋ ነው! በሩን ማን እንደሚከፍት የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው።» ማስተካከያው ውስጥ ገብታ አደራደሩን መረጠች፤ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ታርጋዎቹም ከቤቶቻቸው ጋር ታረቁ። ወንድሜ «ታዲያ ግማሹን ሥራ ሠርቼ ጠበቅኩሽ» ብሎ እስከ ዛሬ ይኮራል።

ጣቶቹ ግን አልታረቁም። ሐሙስ ዳይሬክተሩ ሲመጡ መትረየስ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ኪቦርድ ላይ አፍጥጣ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ፊደል ትለቅማለች።

«ጻፍሽ?»

«ገና ነኝ፣ ጋሼ።»

«መትረየሱ ምን ነካው?»

«ጥይት ነክሷል።»

ሳቁ፤ ግን ከዘራቸውን ያዙ። «ሐሳቤ እየቆመ አይጠብቅሽም፣ ልጄ። ሌላ ሰው ብፈልግ ይሻል ይሆን?»

«ጋሼ፣ ወደ ድሮው ብመልሰው ዛሬ ምዕራፉን እጨርስልዎ ነበር፤ ግን እጄ አብሮ ያልቃል። ጥቂት ሐሙስ ይታገሡኝ።»

ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «እሺ። "የትምህርት ቤቱን ማይክሮስኮፕ የሰበረችው እህቴ ናት" በይ።»

መልቀም ጀመረች። የትምህርት፤ ቤቱን፤ ማይክሮስኮፕ የሚለውማ ዕድሜ ፈጀ።

«"የሰበረችው" ላይ ደርሰሻል?»

«አልደረስኩም።»

«እንግዲያው አትድረሺ።» አገጫቸውን አሹ። «የሰበርኩት እኔ ነኝ። የተባረረችው እሷ ናት። እኔ ተምሬ ዳይሬክተር ሆንኩ።»

ጓዳ ሆኜ ሰማሁ፤ የያዝኩት ሳህን ሊያመልጠኝ ነበር! በመትረየስ ፍጥነት ቢሆን እኮ ያ ውሸት አንድ ገጽ ሞልቶ፣ ነጥቡ ተደርጎለት፣ አልፎ ነበር።

በሦስተኛው ወር ጣቶቿ አዲሱን ቦታ ለመዱ፤ ሕመሙም ለቀቃት። የሌላውን ሰው ጽሑፍ እንደ ድሮው ታንጣጣለች። ሐሙስ ሐሙስ ግን ታዘግማለች። «ምን ሆነሻል?» ብላት «ኪቦርዱ ዝም ሲል ነው እውነቱን የሚናገሩት» አለችኝ።

ባለፈው ሐሙስ ዳይሬክተሩ ሳይቀመጡ ጀመሩ። «መጽሐፉን ተይው። ለእህቴ ደብዳቤ ነው። ምነው ያ የድሮ ፍጥነትሽ በኖረ፤ ካመነታሁ አልልከውም።»

መትረየስ ወንበሯን ሳበች። ቤቱ ተንጣጣ። እሳቸው እየተናገሩ፣ እሷ እግር በእግር እየተከተለች፣ አንድ ገጽ ሞላ። በመሃል ቆም ብለው ጆሯቸውን ወደ ኪቦርዱ አዘነበሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተመለሰልሽ?»

«ስድስት ሳምንት ሆኖኛል፣ ጋሼ።»

«አንቺ ሌባ!» አሉ። «በይ ቀጥዪ፤ አዲስ መስመር።»