የእቴቴ የተኩስ ትምህርት

እቴቴ ከመሞቷ በፊት የነበረው እሑድ እንደ ሌሎቹ እሑዶች ነበር። ላፍቶ ያኔ ገና የጤፍ ማሳ ነው፤ ከማሳው ጀርባ ባለው አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ ታላቅ እህቴ ለጥበቃ ሠራተኞች የሽጉጥ ተኩስ ታስተምር ነበር። እኔም አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ስላጣሁ የአንድ ፋብሪካ ጥበቃ ለመሆን ተመዝግቤ ነበር። የተኩስ ፈተናው ማክሰኞ ነው።

ሌሎቹ ሠልጣኞች ወደ ቀጣዩ ትምህርት ሲያልፉ እኔን የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ላይ መለሰችኝ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽጉጡን ታዘጋጅና ጥይት ይኑረው አይኑረው ሳትነግረኝ ታቀብለኛለች። ቃታውን ሳብኩ፤ ቀጭ አለ። ባዶ ነው። አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ደፋ ብሏል፣ ዓይኔም ተጨፍኗል።

«ማሙሽ፣ ማን ተኮሰብህ?» አለችኝ። ሠልጣኞቹ ሳቁ።

«ይሄንን እኮ ጨርሰናል፣ እቴቴ።»

«እኔ ጨርሻለሁ። አንተ ገና ድምፁን ትጠብቃለህ። ቀስ ብለህ ሳብ፤ ሲመጣ ይምጣ።»

አኩርፌ ደገምኩት። እጄን ከሥር ስትደግፍልኝ የሽጉጥ ዘይትና የግሊሰሪን ሽታዋ ይመጣ ነበር። ማታ ውይይት ታክሲ ውስጥ ተጨናንቀን ስንመለስ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ መውረጃችን እስኪደርስ አልተንቀሳቀስኩም።

ሰኞ ከሥራ ስትመለስ ድንጋይ የጫነ መኪና ገጫት።

በማግስቱ ማለዳ ድንኳን ሲተከል አባባ ወደ ጓሮ ጠራኝ።

«ሂድ፣ ተፈተን» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። «ስትለፋብህ ከርማለች። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው፤ ትደርሳለህ።»

አክስቴ «ኧረ ሰው ምን ይላል!» አለች።

ሄድኩ። ካባው ውስጥ ሌላ አሠልጣኝ ቆሟል። ሽጉጡን አነሳሁ። ድምፁን መጠበቅ... እንዴት ልበለው... ለመጠበቅ የሚሆን ልብ አልነበረኝም። ቀስ ብዬ ሳብኩ። ተኩሱ ራሴን አስደነገጠኝ፤ ዓይኔ ግን ክፍት ነበር።

ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ እሑድ ወደ ኋላ የምትመልሰኝ ስለደነዝኩ አልነበረም፤ ሰው ገና ያልመጣውን ሲፈራ እጁ እንደሚበላሽ፣ ይህም በአንድ ቀን ትምህርት እንደማይለቅ ስለምታውቅ ነው። ዛሬ በዕድሜ በልጫታለሁ። ማሙሽ ብሎ የሚጠራኝ ግን የለም።

የመጨረሻውን ጥይት ተኩሼ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አሠልጣኙ ዒላማውን ሊያይ ሄደ።

«ቆይ እንጂ፣ ውጤትህን ስማ!» ብሎ ሲጣራ ማሳውን አቋርጬ ወደ አስፋልቱ እየሮጥኩ ነበር።